የጢስ ዓባይ መልክዐ ምድር በጸሐፊዎችና በሥዕል ዘንድ

ስለ ጢስ ዓባይ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ስለ ውሃው እንጂ ስለ አገሩ አይደለም። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መንደሩን የደረሰ ሰው ፏፏቴውን ከማየቱ በፊት ብዙ ነገር ያልፋል፤ ይኸውም የጤፉን ማሳ፥ የጫቱን እርሻ፥ ጥቁሩን የድንጋይ ሸለቆ፥ በሸለቆው ላይ የተጣለውን የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ድልድይ፥ ከድልድዩ ማዶም ያለውን አቀበት ነው። ይህን ሁሉ ረግጦ ተመልሶ ሲጽፍ ግን ከውሃው መውደቂያ በቀር ምንም ያላየ ይመስላል። ይህ ለምን እንደ ሆነና ምን ጉዳት እንዳስከተለ በዚህ ሐተታ ለመመርመር እንሞክራለን። የምናነሣቸው መጻሕፍት አብዛኞቹ የፈረንጅ ስለ ሆኑ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። በትምህርት ቤት «መልክዐ ምድር» የምንለው ቃል ፍቺው የምድር መልክ ማለት ነው፤ መልክዕ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ድርሰት ዘንድ የታወቀ ዐይነት ነው። የመልክዕ ደራሲ ቅዱሱን ሲያወድስ ከራስ ጠጕሩ ጀምሮ እስከ እግሩ ጥፍር ድረስ፥ ዐይኑን፥ ጆሮውን፥ እጁን፥ ልቡን፥ ለእያንዳንዱ ሰላምታ እያቀረበ ይወርዳል። ዐይኑን ብቻ አወድሶ የሚያበቃ መልክዕ አላየንም። ይህ ደንብ ለአገር ሥዕል የተበጀ አለመሆኑን እናውቃለን፤ ነገር ግን ከሊቃውንቱ ደጅ የተገኘ መመዘኛ ስለ ሆነ ተውሰነዋል። በዚህም ሚዛን ሲመዘኑ ስለ ጢስ ዓባይ የጻፉት ሁሉ አንድ ብልት ብቻ ያወደሱ ሆነው ይገኛሉ።

ከጥንቶቹ እንጀምር። ከ1625 እስከ 1634 በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ከሚወርደው ውሃ በስተ ኋላ በአለቱ ላይ ተቀምጦ ቀስተ ደመና ማየቱን ተርኳል። የሎቦ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ በኩል ተላልፎ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው በሳሙኤል ጆንሰን እጅ ነው፤ ለዚያ ታላቅ ደራሲም የታተመ የመጀመሪያ መጽሐፉ ይኸው ሆነ። ከዚያ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ከፏፏቴው ደረሰ፤ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉም ሎቦን ውሸታም አደረገው፤ በዚያ ቦታ ሰው ሊቀመጥ ከቶ አይችልም ብሎ ተከራከረ።

የብሩስ ቍጣ ምክንያት ነበረው። ወደ ዓባይ ምንጭ የደረሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ሊል ይሻ ነበር፤ ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ግን ምንጩን በ1618 አይቶት ነበር። ስለዚህ የኢየሱሳውያን ምስክርነት በምንጩ ላይ ብቻ ሳይሆን በፏፏቴውም ላይ መውደቅ ነበረበት። አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ይህን ነው፦ በእንግሊዝኛ ስለ ጢስ ዓባይ የተጻፈው ስመ ጥር ገለጻ የሙግት ሰነድ ነው። ለሙግት የሚጽፍ ሰው ደግሞ የሚያየው ተከራካሪው ያየውን ብቻ ነው፤ ሎቦ ውሃውን ስላየ ብሩስም ውሃውን አየ።

ያየውን ውሃ እንኳ በትክክል አልለካውም። ከፍታው ወደ 40 ጫማ፥ ስፋቱ ከግማሽ የእንግሊዝ ማይል በላይ ነው አለ። ይህ ማለት ከፍታው 12 ሜትር ያህል፥ ስፋቱ ከ800 ሜትር በላይ ነው ማለት ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ግን ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ስፋቱም ክረምቱ በሞላ ጊዜ 400 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ሎቦን በመለኪያ ሊያሳፍር የተነሣው ሰው ከፍታውን ከሢሶ በታች አሳነሠው፥ ስፋቱን እጥፍ አደረገው። ሆኖም ለብሩስ ፍትሕ እንስጠው፤ ስለ ውሃው ጩኸትና ስለ ጉሙ፥ ራሱም እንደ ዞረበት የጻፈው ከቍጥሩ ይልቅ እውነት አለው። መሣሪያውን ትቶ ጆሮውን ሲያምን ይሻላል።

ስለ ስሙም አንድ ነገር እናንሣ። የፈረንጅ መጻሕፍት ቦታውን «ጢስ እሳት» ማለት ይወዳሉ፤ ትርጕሙንም «የሚጤስ ውሃ» ይሉታል። ውሃ የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ የት እንዳለ አንባቢው ይፈልግ።

ከፈረንጆቹ ወገን ከሌሎቹ የሚሻለው ሮበርት ቺዝማን ነው ብለን እንፈርዳለን። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሲኖር የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ ነሣ፤ በ1936ም ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ መጽሐፉን አሳተመ። ቺዝማን ስም ጠያቂ ነው፤ ይህ ደሴት ማን ይባላል፥ ይህ መልካ ማን ይባላል እያለ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ያለበት አገር ይታያል። ግን የቆንስል ዐይን መሆኑ አይዘነጋ። በ1902 በተፈረመው ውል አፄ ምኒልክ በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳያሠሩ ተስማምተው ነበር፤ እንግሊዞች ከጣና መውጫ ላይ ግድብ ለማሠራት ሲመኙ ኖረዋል። ወንዙን የሚያደንቀውና ወንዙን የሚሰፍረው መንግሥት አንድ ነበር።

አሁን ከመጻሕፍቱ ወደ ሥዕሉ እንለፍ፤ መጻሕፍቱን ያነበበ ጥቂት ሲሆን ሥዕሉን ያላየ ኢትዮጵያዊ ግን አልነበረምና። በ1976 በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ጢስ ዓባይ ከወፎች ጋር ታትሞ ነበር። በ2010 ብሩ ሳንቲም እስኪሆን ድረስ ይህ ሥዕል ከገበያ ወደ ገበያ ሲዞር ኖረ፤ ጐጃምን በእግሩ ያልረገጠ ሰው ሁሉ ፏፏቴውን ያወቀው ከኪሱ ነው። ሥዕሉ ጥሩ ነው፤ ጥቃቅን መስመሮቹ የውሃውን ብዛት በደንብ ይገልጻሉ። ነገር ግን ወሩ የክረምት መጨረሻ ነው። ድልድዩ የለም፤ ገበሬው የለም፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የኤሌክትሪክ ማመንጫው የለም። ኖቱ ሲታተም የጢስ ዓባይ አንደኛ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ 12 ዓመት ሆኖት ነበር።

ጕዳቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጣቢያው በ1964 ሲሠራ ኀይሉ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከፏፏቴው በላይ ውሃውን በቦይ ወስዶ ከታች ይመልሰዋል። ይህ ከወንዙ የወሰደው ጥቂት ስለ ሆነ ፏፏቴው ብዙም አልተጐዳም። በ1996 በጣና መውጫ ላይ የጨራጨራ ውሃ ማገጃ ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በበጋ ወራት አብዛኛው ውሃ በቦዩ እየሄደ በገደሉ አፋፍ ላይ የሚወርደው እንደ ክር የቀጠነ ሆነ። በ2003 የጣና ውሃ ራሱ ከለመደው በታች ሸሸ። በ2010 የተከፈተው 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ጣቢያ ሸክሙን ከሁለቱ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎች ላይ አቃለለ፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ወደ በለስ የሚሻገረው የሐይቅ ውሃ በጢስ ዓባይ አፋፍ ላይ ከቶ አይወርድም፤ ከዓባይ ጋር የሚገናኘው እጅግ ርቆ በስተ ምዕራብ ቆላ ነው።

ጓደኞቻችን በዚህ ነገር ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን ፏፏቴ መብራት አይሆንም፥ ቆላና ደጋው በጨለማ ተቀምጦ ስለ ቀስተ ደመና መጨነቅ የጠገበ ሰው ሥራ ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን የአገር ጌጥ ተሸጠ ብሎ ያዝናል። እኛ ሁለቱም የሚከራከሩት በብር ኖቱ ሥዕል ላይ ይመስለናል። የመጀመሪያው ፏፏቴውን ጌጥ ብቻ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ለመንደሩ ሰው፥ መንገድ ለሚመራው ወጣት፥ ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ለሚያሻግረው፥ በአቀበቱ ላይ ጥለት ነጠላ ለምትሸጠው እናት፥ የውሃው መውረድ የዕለት እንጀራ ነው። ጉሙም በዳርቻው ያለውን ሣርና ዛፍ ሲያለመልም የኖረ ነው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ቦዩንና ጣቢያውን የመልኩ ጠባሳ ብቻ አድርጎ ይቈጥራቸዋል፤ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ከተማው ራሱ ግን ያደጉት በዚያ ኀይል ነው። የአፄ ሱስንዮስ ድልድይም በ1626 ገደማ ሲሠራ በሸለቆው ላይ የተጣለ እንግዳ የድንጋይና የኖራ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ያለ እርሱ ሸለቆውን ሊያስበው የሚችል የለም። ቦዩንም ሦስት መቶ ዓመት ቈይቶ የሚያይ እንደዚያው ሊለው ይችላል።

ፍርዳችን ለሁለቱም እኩል አይደለም። ጣቢያው የመልክዐ ምድሩ ብልት መሆኑን እንቀበላለን፤ አንዱ ብልት ሌላውን ሲያደርቅ ግን ሒሳቡ በግልጽ መቅረብ አለበት። ጣና በለስን ያህል ትልቅ ጣቢያ ከተሠራ በኋላ በበጋ ለገደሉ ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ በየወሩ ለሕዝብ ቢነገር ጣቢያውን ምንም አያጐድለውም። መንገድ መሪውም እንግዳውን አፋፍ ላይ አቁሞ ምክንያት ከመደርደር ይድን ነበር።

ወደ ጽሑፉ ጕዳይ እንመለስ። ከድልድዩ ማዶ አቀበቱን ወጥቶ ከኮረብታው ላይ የቆመ ሰው በበጋም ቢሆን የሚያነበው ብዙ አለው። ፏፏቴው የወደቀበት ጥቁር ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ ፈስሶ የረጋ ነው፤ የጣናን ውሃ በስተ ደቡብ ያገደውም እንዲህ ያለው የረጋ ድንጋይ ነው። ሐይቁና ፏፏቴው ስለዚህ ወንድማማች ናቸው፤ ሐይቁ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናም ተቀብሎ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ነው ፏፏቴው በመስከረም የሚሞላው። ውሃው ሲቀጥን ድንጋዩ ይታያል፤ ወንዙ ድንጋዩን እየቈረጠ ወደ ጠባቡ ሸለቆ የገባበትም መንገድ ይታያል። አማርኛም ለዚህ ሁሉ ቃል አያጣም፤ አፋፍ፥ ጥግ፥ ሸንተረር፥ ተረተር፥ ቀላይ፥ መልካ፥ አቀበት፥ ቍልቍለት አለን። እነዚህ ቃላት በአስጐብኚ ወረቀቶች ላይ አይታዩም፤ በነሱ ምትክ «ማራኪ» እና «አስደናቂ» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ብቻቸውን ሲደክሙ እናያለን።

ለዚህ መጽሔት ስለ ጢስ ዓባይ ጽሑፍ የሚያቀርቡ ተማሪዎች ከፎቶግራፋቸው ግርጌ ወሩንና ዓመቱን፥ የቆሙበትን ኮረብታ ስም፥ በዕለቱም ጣቢያዎቹ ይሠሩ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ እንዲጽፉ እንለምናለን።