«ተባራሪ ጥይት» ማን ተኮሰው?

«በተባራሪ ጥይት ሕይወቱ አለፈ»፤ «ሽጉጡ ባርቆ ጓደኛውን መታው»። እንዲህ ያለ ዜና በሬዲዮም በፌስቡክም ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? እስቲ ሰዋስዉን እንየው። በመጀመሪያው ጥይት አለ፣ ተኳሽ የለም። በሁለተኛው ደግሞ የመታው ሽጉጡ ራሱ ነው።

«ባረቀ» እና «መብረቅ» ሥራቸው አንድ ነው። ለመብረቅ ማንም አይጠየቅም። ጠመንጃ ግን ከሰማይ አይወርድም። ጥይት የሚተኮሰው ቂጡ ሲመታ ነው፤ ይህን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጀምረው ቃታው ላይ ያረፈ ጣት ነው። ባለቤቱ የጥይት መያዣውን ያወልቅና «ባዶ ነው» ይላል። ቀድሞ አቀባብሎት ከነበረ ግን አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታለች። እርግጥ፣ ያረጀ ወይም የተበላሸ መሣሪያ ሲወድቅ ሊተኩስ ይችላል። እሱንም ቢሆን ያጎረሰው ሰው አለ። ስለዚህ ፖሊስ ሳያጣራ «ባረቀ» ብሎ መጻፍ ዜና ብቻ አይደለም፤ «አደጋ ነው» ብሎ መፍረድ ነው።

«ተባራሪ»ስ? በሠርግ ወይም በለቅሶ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት የትም አይጠፋም። የክላሽ ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተተኮሰ፣ ሲመለስ አየሩ ያዘገየዋል። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊው መኮንን ጁሊያን ሃቸር የጦር ጠመንጃ ጥይት ወደ ላይ እያስተኮሱ ሲለኩ፣ የመውደቂያ ፍጥነቱን በሰከንድ 90 ሜትር ገደማ አግኝተውታል። ይህም ጭንቅላት ላይ ካረፈ ሊገድል ይችላል። አፈሙዙ ካዘነበለ ደግሞ ይብሳል፦ ጥይቱ ከፍ ያለ ፍጥነት ይዞ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል። ቡኢ ውስጥ አስፋልት ዳር ቢተኮስ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሳው ላይ ያለውን ገበሬ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው። ጥይቱ «ተባሮ» አልሄደም፤ መንገዱን የወሰኑት የአፈሙዙ አቅጣጫ፣ የመሬት ስበትና አየሩ ናቸው። ከሦስቱ በሰው እጅ ያለው አፈሙዙ ነው።

ጋዜጠኛው ተኳሹን ላያውቅ ይችላል፤ እውነት ነው። ታዲያ «ማን እንደተኮሰው ባልታወቀ ጥይት» ይበላ! ዓረፍተ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ሰሚውም ፖሊሱም «ማን?» ብሎ እንዲጠይቅ በሩን ይከፍታል። «ተባራሪ» ግን በሩን ዘግቶት ይሄዳል።