«አንተ» ወይስ «አንቺ»? የይፋት ቆላ ሙሾ በሥርዓተ ጾታ ጉባኤ ፊት

1. መነሻ

ከዓመታት በፊት ስለ ሴቶችና ስለ ሥርዓተ ጾታ ጥናት በተጠራ አንድ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ፣ በአጣዬና በአካባቢዋ የሰበሰብኳቸውን ሙሾዎች የሚመረምር ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። የጽሑፉ ምሰሶ በዕድሜ የገፉ አንዲት አልቃሽ ያወረዱት አሥራ አራት ስንኝ ያለው ሙሾ ነው። የጉባኤው ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የተፈቀደልኝ ገጽም ጥቂት ስለነበረ፣ አማርኛውን አስቀርቼ ትርጉሙን ብቻ አስገባሁ። ይህን እንዳደርግ ያስገደደኝ አልነበረም፤ ቢያንስ በአባሪ መልክ ላያይዘው እችል ነበር። የድምፅ ቅጂውንና ሙሾውን የገለበጥኩበትን ደብተር ደግሞ ለሚቀጥለው የመስክ ሥራ ይመቸኛል ብዬ አጣዬ ከዘመድ ቤት አስቀመጥኩ።

በ2013 ዓ.ም.፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ወር፣ በአካባቢው በተነሣው ግጭት ሰው ሞተ፤ ነዋሪው ተሰደደ፤ ብዙው የአጣዬ ቤት ተቃጠለ። ያ የዘመድ ቤትም ከተቃጠሉት አንዱ ነው። ሕይወት በጠፋበት ስፍራ የአንድ ደብተርን ነገር ማንሣት እንደሚከብድ ይገባኛል። ነገር ግን አልቃሿም ከዚያ ቀደም ብለው ዐርፈው ስለነበረ ከሙሾው የቀረው እኔ ያሳተምኩት እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ።

ይህንኑ ትርጉም ለክፍል ማስተማሪያ እንዲሆነኝ ወደ አማርኛ ልመልሰው ስነሣ ከመጀመሪያው ስንኝ ማለፍ አቃተኝ። እንግሊዝኛው «ዩ» ይላል። አልቃሿ ያሉት «አንተ» ነበር? «አንቺ» ነበር? ወይስ «አንቱ»? ትዝ አይለኝም። ስለ ጾታ በተጠራ ጉባኤ ላይ ያቀረብኩት ግጥም አስቀድሞ ያጣው ጾታውን ነበር ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከዚህ ከራሴ ስሕተት በመነሣት፣ የሴቶች ቃል ግጥም በትርጉም ብቻ ወደ ጉባኤ ሲገባ ምን እንደሚጎድለው ማሳየት፣ ጉድለቱን መሙላትም በመጀመሪያ ደረጃ የሥነ ጽሑፍ አጥኚው ኃላፊነት መሆኑን ማስረዳት ነው።

2. ጉባኤዎቹና ቃሉ

ስለ ሴቶች የሚጠሩ ጉባኤዎች «ማን ስለ ማን ይናገራል?» የሚለውን ጥያቄ ቀድሞውንም አላጡትም። በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር በዌልስሊ ኮሌጅ ስለ ሴቶችና ልማት በተካሄደው ጉባኤ ላይ ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉሮች የመጡ ምሁራን፣ አጀንዳው በሌሎች ተቀርጾ እንደቀረበላቸው ገልጸው ቅሬታ አሰምተው ነበር። በተከታዩ ዓመት የአፍሪካ ሴቶች የምርምርና የልማት ማኅበር በዳካር ሲቋቋም አንዱ መነሻ ይኸው ስሜት ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ስለ ሥርዓተ ጾታ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ዐውደ ጥናት የተካሄደው ከታኅሣሥ 15 እስከ 17 ቀን 1982 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ጽሑፎቹን ፀሐይ ብርሃነ ሥላሴ አሰናድተዋቸው፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትሟቸዋል። በዚያው ሰሞን ሔለን ፓንክረስት መንዝ ውስጥ ባደረጉት የመስክ ጥናት ላይ የተመሠረተው መጽሐፍ በ1992 እ.ኤ.አ. ወጣ። አጣዬ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ለሚል ሰው መንዝ ማለት ከፊቱ የተገተረው ደጋ ነው። ስለሆነም የዚህ አካባቢ ሴቶች ኑሮ ከጥናቱ ዓለም ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም።

ቃሉም ራሱ አከራካሪ ነበር። ከነሐሴ 29 ቀን 1987 እስከ መስከረም 4 ቀን 1988 ዓ.ም. በቤጂንግ በተካሄደው አራተኛው የዓለም የሴቶች ጉባኤ ዋዜማ፣ በእንግሊዝኛው «ጄንደር» በሚለው ቃል ላይ መንግሥታት ስላልተስማሙ ጉዳዩን የሚመለከት ልዩ የምክክር ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ቡድኑ የደረሰበት መደምደሚያ፣ ቃሉ በተለመደውና በአጠቃላይ ተቀባይነት ባለው አጠቃቀሙ ይወሰድ የሚል ነው። በሌላ አነጋገር ብያኔ ሳይሰጠው ታለፈ። አማርኛ ግን እንዲያ ሊያልፈው አልቻለም። «ጾታ» በግእዝ ዓይነት፣ ወገን፣ ክፍል ማለት ሲሆን በሰዋስውም ተባዕትና አንስታይ የሚለየው ይኸው ቃል ነው። ማኅበራዊውን ፍች ለመግለጽ «ሥርዓት» ተጨመረበትና «ሥርዓተ ጾታ» ተባለ። በእኔ አስተያየት ይህ የተሳካ ስያሜ ነው፤ ነገሩ ሰው ያቆመው፣ ሰውም ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራልና። ይሁን እንጂ ስያሜውን በዚህ ጥንቃቄ ያበጀን ሰዎች፣ የግጥሞቻችንን ሰዋስዋዊ ጾታ ወደ ጉባኤ ስንወስድ ያንኑ ጥንቃቄ አላሳየንም።

3. ሰዋስዉ የሚያሳየውና የሚሰውረው

እንደሚታወቀው አማርኛ በነጠላ ሁለተኛ መደብ ጾታን ይለያል። «መጣህ» እና «መጣሽ» ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ይጠራሉ፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ ኬም» ናቸው። በአንደኛ መደብ ግን አማርኛ ጾታን ይሰውራል። ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ያነበበ ሰው ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ከግሦቼ ሊያውቅ አይችልም። («ምስኪኑ» ወይም «ምስኪኗ» የሚል ቅጽል ከገባ በእርግጥ ይገለጣል።) በአክብሮት አጠራርም እንዲሁ ነው፤ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እና «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም አንድ ናቸው። በብዙ ቁጥር ግእዝ «አንትሙ» እና «አንትን» ብሎ ሲለይ አማርኛ «እናንተ» ብሎ ያጠቃልላል። እንግሊዝኛው «ዩ» እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይከታቸዋል። ከተባበሩት መንግሥታት ስድስት የሥራ ቋንቋዎች መካከል ዐረብኛ «አንተ» እና «አንቲ» ብሎ በመለየት ለአማርኛ የሚቀርብ ቢሆንም ጥናቶቻችን በአብዛኛው የሚሄዱት ወደ እንግሊዝኛ ነው።

በዚህ ላይ ተናጋሪው ጾታን አገላብጦ የመጠቀም ነፃነት አለው። እናት ወንድ ልጇን በፍቅር «ነይ» ትለዋለች፤ ሴት ልጇን «ና» ትላታለች። ጎበዟን ሴት «ወንድ ናት» ስንል ማሞገሳችን ሲሆን ወንዱን «ሴት» ስንለው መስደባችን ነው። አንድን ዕቃ ወይም ቤት በአንስታይ መጥራት ማሳነስም፣ ማቆላመጥም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በአማርኛ ቃል ግጥም ውስጥ «አንቺ» የሚለውን ቃል ማግኘት በራሱ ተጠሪዋ ሴት መሆኗን አያረጋግጥም። ማን፣ ለማን፣ በምን አጋጣሚ እንደተናገረው መታወቅ አለበት። ፈቃደ አዘዘ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ድርቅና ስለ ረኃብ የተገጠሙ የሰሜን ሸዋ ቃል ግጥሞችን ባጠኑበት መጽሐፋቸውም ሆነ በ«የሥነ ቃል መምሪያ» ለሥነ ቃል የሰጡትን ክብደት ያስታወሰ ተማሪ፣ ይህ ጥያቄ ለክፍላችን እንግዳ እንዳልሆነ ይረዳል።

4. የአንድ ሙሾ ሦስት ንባቦች

አሁን ወደ ጠፋብኝ ሙሾ ልመለስ። አማርኛው በእጄ ስለሌለ ልጠቅሰው አልችልም፤ በትርጉሙ ላይ ተመሥርቼ ይዘቱን ብቻ ልግለጽ። አልቃሿ ሲመሽ በሩን የሚዘጋው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ማሽላው ሲያሸት ወፉን ማማ ላይ ወጥቶ የሚያባርረው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከዚያ ሟች ሳይሰናበት መሄዱን ይወቅሳሉ፤ በመጨረሻም በቤትና በመንገድ መካከል ቆመው መቅረታቸውን ይናገራሉ። («ሟች» እና «መሄዱ» ስል እኔም አሁን በወንድ መናገሬን አንባቢ ያስተውል።)

በጉባኤው ላይ የሰጠሁት ፍች አጭር ነበር። አልቃሿ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ስለዚህ የሚያለቅሱት ለባላቸው ነው፤ በሩና ማሽላው የሚያመለክቱት ሴቲቱ ያለ ወንድ መኖር የማትችል ጥገኛ መደረጓን ነው አልኩ። ተሰብሳቢው ወደደው። እኔም ረካሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ፍች የቆመው ባልተመረመረ ግምት ላይ ነው፤ ምክንያቱም ተጠሪው ማን እንደሆነ ቃሉን አልጠየቅኩትም።

ቃሉ «አንተ» ነበር እንበል። በአካባቢው በዕድሜ የገፉ ሴቶች ባላቸውን «አንቱ» ብለው እንደሚጠሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ዕድሜ ልኳን «አንቱ» ያለች ሴት በሬሳው ፊት «አንተ» ካለች፣ ሞት ሥርዓቱን አላልቶላታል፤ ወቀሳዋም የጥገኛ ልመና መሆኑ ይቀርና እኩያ እኩያውን የሚሞግትበት ይሆናል። የእኔ መደምደሚያ በዚህ ንባብ ይገለበጣል።

ቃሉ «አንቺ» ነበር እንበል። ያን ጊዜ በር የምትዘጋውና ወፍ የምታባርረው ልጅ ወይም እኅት ልትሆን ትችላለች፤ ሙሾውም ስለ ባልና ሚስት መሆኑ ቀርቶ፣ ጎን ለጎን ሠርተው ስለሚያድሩ ሴቶች የተነገረ ይሆናል። ወይም ደግሞ አልቃሿ ራሳቸውን «አንቺ» እያሉ ነበር፤ ሌላውን የሚያለቅስ በመሰለ ሙሾ አልቃሽ ለራሷ ማልቀሷ እንግዳ ነገር አይደለም። አለዚያም «አንቺ» የተባለው በማቆላመጥ የተጠራ ወንድ ልጅ ነው። በማሽላ ጥበቃ ወቅት ማማ ላይ የሚውለው ብዙ ጊዜ ልጅ መሆኑን ያየ ሰው ይህን ንባብ በቀላሉ አይጥለውም።

ቃሉ «አንቱ» ከነበረ ለቀድሞው ፍቼ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። አክብሮቱ በሞትም አልተነካም፤ ርቀቱ እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ እንኳ ተጠሪው አባት ወይም እናት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከቃጠሎው በኋላ አጣዬ ሄጄ የአልቃሿን ልጅ አገኘኋት። ለቅሶው የማን እንደነበረ ላስታውሳት ሞከርኩ፤ እናቷ ብዙ ለቅሶ ላይ ያወርዱ ስለነበረ አልለየችውም። ስለ አጠራሩ ስጠይቃት፣ «እማዬ አባባን በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ‹አንተ› ብላው አታውቅም፤ ለቅሶ ላይ ግን ማን ያስተውላል? እርስዎ ጽፈውት የለም ወይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ጽፌው ነበር፤ ለማያውቋቸው ሰዎች በሚመች ቋንቋ።

ከዚህም ሌላ የጉባኤው መድበል አልቃሿን በስማቸው አይጠራም፤ «ከአጣዬ አንዲት አሮጊት» ይላል። በእኔ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት የውጭ ምሁራን ሁሉ ስምና ዓመተ ምሕረት ሲኖራቸው፣ አሥራ አራቱን ስንኝ የገጠሙት ሰው ግን ዕድሜና አድራሻ ብቻ ነበራቸው። እዚህም ስማቸውን ያልጠቀስኩት በሕይወት ሳሉ ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅሁ ነው፤ ይህም የዚያው ስሕተት ተከታይ ነው።

5. ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች

ሰዋስዋዊ ጾታ ሌላ፣ ማኅበራዊ ጾታ ሌላ ነው የሚል መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ልዩነቱ ትክክል ነው። «ፀሐይ ወጣች» ስንል ስለ ሴቶች ኑሮ የምንናገረው ነገር የለም። ነገር ግን ሰውን ፊት ለፊት ስንጠራ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «አንቱ» ማለት ምርጫ ነው፤ ዕድሜን፣ ዝምድናን፣ ፍቅርንና ሥልጣንን ይመዝናል። ስለሆነም በአጠራር ላይ ሰዋስዉ ራሱ ማኅበራዊ ድርጊት ነው። በለቅሶ ላይ ደግሞ ተጠሪው መልስ ስለማይሰጥ ምርጫው ሙሉ በሙሉ በአልቃሿ እጅ ይወድቃል።

የውጭ አንባቢ አማርኛ ስለማያውቅ ቅጂውን መጨመር ገጽ ማባከን ነው የሚልም ይኖራል። ጥናት ግን የሚጻፍ ለዕለቱ ተሰብሳቢ ብቻ አይደለም። ከሃያ ዓመት በኋላ መድበሉን የምታነብ የአጣዬ ተማሪ የአያቷን ግጥም የምታገኘው በእንግሊዝኛ ከሆነ፣ ጥናቱ ከሰጣት የወሰደባት ይበልጣል።

6. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ሁሉ ዓለም አቀፍ ጉባኤዎችን ለመንቀፍ የታሰበ አይደለም። ሙሾን እንደ ቁም ነገር የሚያዳምጥ መድረክ የከፈቱልን እነሱ ናቸው። ወደዚያ ይዘነው የምንሄደውን ግን እኛው እንወስናለን። ስለዚህ ለመስክ ሥራ ለሚዘጋጁ ተማሪዎች የሚከተሉትን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአማርኛው ቅጂ ከትርጉሙ ጎን ይቀመጥ፤ ቦታ ከጠፋ ከትንተናው ይቀነስ። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛው «ዩ» አጠገብ ወንድ፣ ሴት፣ አክብሮት ወይም ብዙ መሆኑ በምልክት ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ማን ለማን፣ በየትኛው ለቅሶ ወይም ሠርግ ላይ እንደተናገረ በዕለቱ ይመዝገብ። አራተኛ፣ የባለግጥሟ ስም በፈቃዷ ይጠቀስ። አምስተኛ፣ ቅጂው ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱም ለቤተሰቧ ይሰጥ።

ያን ሙሾ ዛሬ የማስተምረው በመለስኩት አማርኛ ነው፤ በስንኞቹ ውስጥ ተጠሪው በሚመጣበት ቦታ ሁሉ ባዶ ትቼበታለሁ። ምናልባት ከቃጠሎው በፊት በአጣዬ፣ በካራቆሬ ወይም በሰንበቴ አካባቢ ለቅሶ ላይ ድምፅ የቀዳ አንባቢ ካለ፣ ለክፍሉ ቢያሳውቅ ታላቅ ውለታ ይሆናል።