ጣሳውን የያዘው ማን ነበር?

የልጅነት ትዝታ ለከያኒ የማይነጥፍ ምንጭ ነው ይባላል። አባባሉ እውነትነት ቢኖረውም፣ ምንጩ ከየት እንደሚቀዳ ሳይመረመር መቅረቱ በሥነ ጽሑፋችንና በመድረካችን ላይ ጉድለት አስከትሏል። ደራሲው «በዓይኔ አይቻለሁ» ባለ ቁጥር ሐያሲው ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ተመልካቹም ከንፈሩን ይመጥጣል። ለመሆኑ «አየሁ» የተባለው በእርግጥ የታየ ነው ወይስ የተነገረ? ይህን ጥያቄ በሌሎች ላይ ከማንሳቴ በፊት በራሴ ሥራ ልጀምር።

በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ረሃብ፣ በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረውን የወላይታ አውራጃም ክፉኛ ጎድቶታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ ተውኔት ጽፌ በሶዶ ከተማ ልምምድ ጀመርን። የተውኔቱ እምብርት፣ ጣሳ ይዞ በእርዳታ ሰልፍ ላይ የቆመ የአንድ ሕፃን መነባንብ ነበር። ሕፃኑ እኔ ነበርሁ። የጣሳውን ቅዝቃዜ፣ የገንፎውን ሽታ፣ ከፊቴ የቆሙትን ሴት የተሰነጣጠቀ ተረከዝ ሳይቀር አስታውስ ነበር። ልምምዱን ልታይ የመጣችው ታላቅ እህቴ ግን መነባንቡ ሲያልቅ፣ «አንተ በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላህም፤ በጀርባዬ ታዝለህ ነበር። ጣሳውን የያዝሁት እኔ ነኝ» አለችኝ። እርሷ በየዓመቱ በጊፋታ ሰሞን፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በሚጫወትበት ምድጃ ዳር ያን ቀን ታወራው ነበር። እኔም ከዓመት ዓመት ስሰማ፣ ሳላውቀው ከጀርባዋ ወርጄ ጣሳውን ከእጇ ወስጃለሁ።

ይህ የእኔ ብቻ ገጠመኝ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ በሕፃንነቱ ፓሪስ ውስጥ ሊሰርቀው የሞከረ ሰው እንደነበረ፣ ሞግዚቱም ታግላ እንዳዳነችው እስከ 15 ዓመቱ ድረስ በዓይነ ኅሊናው ይመለከት ነበር። ሞግዚቲቱ በኋላ ታሪኩን እንደ ፈጠረችው ተናዝዛ የተሸለመችውን ሰዓት መለሰች። በ1995 እ.ኤ.አ. ኤሊዛቤት ሎፍተስና የሥራ ባልደረባዋ ባሳተሙት ጥናትም፣ በልጅነታቸው ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተው እንደነበር በሐሰት ከተነገራቸው 24 ሰዎች ሩብ ያህሉ ነገሩን በሙሉ ወይም በከፊል አስታወስን ብለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ ወግ የትዝታ ጠላት ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። እናት ልጇን «ማንን አየህ? ከዚያስ ምን ሆነ?» እያለች ስታጫውተው፣ ልጁ ያየውን ማሰናሰልና መተረክ ይማራል። ያልተወራ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። እንግዲህ ያው ምድጃ እውነቱንም ያቆያል፣ የአንዱንም ከሌላው ያቀላቅላል። ጣሳውን የያዘው ሰው ስለ ተለወጠም ረሃቡ አልነበረም ሊባል አይችልም። ሰልፉ ነበር፤ ጣሳውም ነበር። የተሳሳተው ባለቤቱ ነው።

ይሁንና ስሕተቱ ቀላል አይደለም። የሌላውን መከራ «የእኔ» ብሎ መድረክ ላይ ማውጣት መከራውን የተሸከመውን ሰው ከታሪኩ ማስወጣት ነው። የወላይታ ሽማግሌ ስለ ካዎ ጦናና ስለ 1887 ዓ.ም. ጦርነት ሲተርክ፣ ያኔ ያልተወለደ ቢሆንም «ተዋጋን» ሊል ይችላል። ይህ «እኛ» ውሸት ሳይሆን አደራ ነው። ከያኒው ይህን «እኛ» ወደ «እኔ» ሲለውጠው ግን አደራው ይፈርሳል። ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄይም የምኒልክን ዘመቻ ተከትሎ ያየውን በ1896 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የሽማግሌው ቃልና የመንገደኛው ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ማን አየ፣ ማን ሰማ የሚለው ይለያል።

እኔም ተውኔቱን እንደ ገና ጻፍሁት። ጣሳው ወደ ልጅቱ እጅ ተመለሰ፤ ጎልማሳው ወንድሟ «እንዲህ ብለሽ ነገርሽኝ» እያለ ከጎኗ ይቆማል። የተመልካቹ እንባ ቀንሶ ይሆናል፤ የመድረኩ እውነት ግን ከብዷል።

ስለዚህ መምህሩ ለተማሪዎቹ «የልጅነት ትዝታዬ» በሚል ርእስ ድርሰት ሲሰጥ፣ የባህል ሠራተኛውና ካድሬው የአረጋውያንን ቃል ሲመዘግቡ፣ ተዋናዩም ሲያጠና፣ «አይተኸዋል ወይስ ነግረውህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይቅደም። መልሱ «ነግረውኝ ነው» ቢሆን ሥራው አይረክስም። የነገረው ሰው በስሙና በድምፁ ወደ መድረኩ ይጠራ እንጂ።