የሚነክስ ጎማ

ሰው ስለ መኪና ሲያወራ ሞተር ያነሳል፤ በረዶ ላይ ግን ነፍስ የሚያተርፈው መዳፍ የምታህለው፣ ጎማው አስፋልቱን የሚነካባት ቦታ ናት። የበረዶ ጎማን የማደንቀው ለዚህ ነው። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ የበረዶው ግን በከባድ ብርድም ልስላሴውን አይለቅም።

ጥርሱን ቀረብ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ የመኪናው ክብደት ሲያርፍባቸው ተከፍተው በጠርዛቸው መንገዱን ይነክሳሉ። በጥርሶቹ መሀል የሚታጨቀው በረዶም ጠላት አይደለም፤ በረዶ በረዶን ስለሚይዝ መኪናውን ያግዛል። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

የበረዶ ጎማ የፊንላንዶች ፈጠራ ነው። ዛሬ ኖኪያን ታየርስ የሚባለው ፋብሪካ የመጀመሪያውን የበረዶ ጎማ እ.ኤ.አ. በ1934 ለጭነት መኪና ሠራ፤ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና የሚሆነው ሃካፔሊታ ተከተለ።

የካናዳዋ ኬቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የበረዶ ጎማ እንዲገጠም በሕግ ታስገድዳለች። ሚኒሶታ ያሉ ወገኖቻችን ግን ሕግ አያስገድዳቸውም፤ ምርጫው የራሳቸው ነው። ስትገዙ ጎኑ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራና በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ፤ ኤም እና ኤስ የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን በቂ አይደሉም። ደግሞም አራቱንም ቀይሩ፤ የፊቶቹ ብቻ ከተቀየሩ ኩርባ ላይ የመኪናው ኋላ ይንሸራተታል።