ደም ሥርን መጠበቅ

የፒክ ነርስ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በአንድ መርፌ ደም ሥር በማግኘቱ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሙያ ከመርፌው በፊት ያለው ውሳኔና ከመርፌው በኋላ ያለው ጥበቃ ነው።

በክንድ ገብቶ ጫፉ ልብ አጠገብ የሚያርፈው ፒክ የሚባለው ቀጭን ቱቦ፣ ለሳምንታት አንቲባዮቲክ ለሚወስድ ወይም ደም ሥር የሚያቃጥል ኬሞቴራፒ ለታዘዘለት ሰው እፎይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣው ማጂክ የተባለው መመሪያ ግን፣ በተራ መስመር ሊሰጥ ለሚችልና ከ5 ቀን ለማይበልጥ ሕክምና ፒክን አይመክርም። ኩላሊቱ ለደከመ ሕመምተኛ ሲታዘዝም ሐኪሙን ሳላነጋግር እጄን አልዘረጋም፤ ዛሬ የጎዳነው ደም ሥር ነገ ለኩላሊት እጥበት ይፈለጋል።

ያስፈልጋል ከተባለ፣ በአልትራሳውንድ መጀመሪያ የምፈልገው በላይኛው ክንድ ውስጠኛ ጎን ያለውን ባዚሊክ የሚባለውን ደም ሥር ነው፤ ሰፊ ነው፣ ከደም ቅዳውም ራቅ ይላል። ቱቦው ከደም ሥሩ ስፋት 45 በመቶውን እንዳያልፍ እለካለሁ፤ ደም በዙሪያው እንደ ልብ ካልፈሰሰ ይረጋል። ባለ አንድ ሉመን (የውስጥ ቀዳዳ) ቱቦ ከበቃም ባለ ሁለቱን አላነሣም። ጫፉ ታላቁ ደም መልስ ከልብ ጋር ወደሚገናኝበት ሲቀርብ፣ በኢሲጂ ላይ የፒ ሞገድ ከፍ እያለ ይሄዳል። የልብ ምቱ ተዛብቶ ያ ሞገድ ከጠፋ ራጅ መነሣት አለበት።

ከዚያ በኋላ ያለው የብዙ እጆች ሥራ ነው። የቱቦው መክፈቻ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በፊት በአልኮል በደንብ ይታሻል፤ መስመሩ በ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ገፋ ቆም እየተደረገ በሳላይን ይታጠባል። ግልጹ መሸፈኛ በየ7 ቀኑ ይቀየራል፤ ከረጠበ ወይም ከተላቀቀ ግን ቀን አይቆጠርለትም። ቆዳው የሚጸዳበት ክሎርሄክሲዲንም በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ ይጠበቃል።

ቱቦው ገብቶላቸው ወደ ቤታቸው ለሚሄዱ እናት፣ «እማማ፣ በዚህ ክንድ ደም ግፊት እንዳይለኩዎት፤ ውሃ አያስነኩት፤ ክንድዎ ካበጠ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ሳያድሩ ይደውሉ» እላለሁ። አብሯቸው የሚኖረው ልጃቸውም ቆሞ እንዲሰማ አደርጋለሁ።

አጥብቄ የምቃወመው «ለምናልባት ይቆይ» የሚለውን ልማድ ነው። ሥራውን የጨረሰ ቱቦ በቆየ ቁጥር ለኢንፌክሽንና ለደም መርጋት በር ይከፍታል። መድኃኒቱ ባለቀ ዕለት ይውጣ የሚል ነርስም ቱቦውን ካስገባው ባልተናነሰ ሙያውን አሳይቷል።