ተውኔቱን የጻፈው ቅጹ ነው

የሰፈር ቲያትር ውድድር አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የወጣት ማዕከል አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚንሾካሾኩ ልጆች፣ ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ የታሸገ ውኃ፣ ከውኃው ኋላ ደግሞ ሦስት ሰዎች። እነዚህ ሦስቱ ዳኞች ናቸው። ተመልካቹ የሚያየው መድረኩን ነው፤ ተዋንያኑ ግን አንድ ዐይናቸው ከዳኞቹ አይነቀልም፤ ይልቁንም ከዳኞቹ ፊት ከተቀመጠችው ወረቀት። ስለ ሰፈር ቲያትር መዳከም በየስብሰባው ብዙ ይወራል። ገንዘብ የለም ይባላል፣ አዳራሽ የለም ይባላል፣ ወጣቱ በስልኩ ተወስዷል ይባላል። ሁሉም እውነትነት አለው። ስለዚያች ወረቀት ግን ማንም አያነሳም፤ ስለዚህ ዛሬ እኔ ላንሳት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የአማተር ክበባት ውድድር እንድዳኝ ተጠርቼ ነበር። የጠራኝን መሥሪያ ቤት ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ቅጾች ሁሉ የዚያው ቅጽ ወንድምና እኅት ናቸው። ቅጹ እንዲህ ይላል፦ መልእክት 30፣ ትወና 25፣ ድርሰት 15፣ ዝግጅት 10፣ አልባሳትና ዲኮር 10፣ ሰዓት ማክበር 10። እስቲ ቀስ ብላችሁ እዩት። አዘጋጁ ሦስት ወር ሙሉ የለፋበት ሥራና ልጆቹ በሰዓቱ መድረሳቸው እኩል ዋጋ አላቸው። ይኼ እንኳ ይሁን፤ ሰዓት ማክበርም በእኛ አገር ጥበብ ነው። «መልእክት ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብዬ አስተባባሪውን ጠየቅሁት። «ተመልካቹ ምን ተማረ የሚለው ነው፣ መምህር» አለኝ በትሕትና። ሠላሳ ነጥብ ለትምህርት! ታዲያ ትወናው ሃያ አምስት ብቻ ከሆነ፣ ቲያትር ከማሳየት ይልቅ በራሪ ወረቀት ማደል አይቀልም?

በሁለት ቀን ሰባት ተውኔት አየን። ከሰባቱ በአምስቱ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ጫፍ መጥቶ ይመክረናል። አንዴ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ነው፣ አንዴ መምህር፣ አንዴ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ። ተናግሮ ሲጨርስ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ስለ ምክሩ ይሁን ስለ ማለቁ እንጃ። ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም እንዲህ የሚያደርጉት። ቅጹን ያውቁታል። ካለፈው ዓመት ውድድር የተረፈ አንድ ቅጂ ከክበብ ወደ ክበብ ይዞራል፤ ልጆቹም ሠላሳዋ ነጥብ የት እንደተቀመጠች አይተው ሰው ይልኩላታል።

ከቀሩት ሁለት ተውኔቶች አንዱ እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልጠፋም። እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት እኅትማማቾች በአንዲት የቀበሌ ቤት ውስጥ ዕቃ ይካፈላሉ። ሌላ ታሪክ የለውም። ምጣዱ ለማን፣ ቁም ሣጥኑ ለማን፣ እየተባባሉ ረከቦቱ ላይ ሲደርሱ ጠብ ይነሳል። አንዳቸውም «እማዬ ናፈቀችኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። በመጨረሻ ታናሺቱ ጠቡን ለማብረድ ቡና ታፈላለች፤ ስትቀዳ ሦስት ስኒ ትቀዳለች። ሦስተኛውን ስኒ ሁለቱም ያዩታል፤ መብራቱ ይጠፋል። ያ የሚረብሽ አዳራሽ ጸጥ አለ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። አጠገቤ ያለው ዳኛ ግን ለመልእክት ከ30 ውስጥ 8 ሰጥቶ በግርጌው «ትምህርቱ ግልጽ አይደለም» ብሎ ጻፈ። እርሱን አልወቅስም፤ ቅጹ የጠየቀውን ነው የመለሰው። ቡድኑ ስድስተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ተራ ተመልካች ሄጄ ነበር፤ ያው ቡድን ሌላ ተውኔት ይዞ ቀረበ፤ የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ሐኪም ገባ። ሦስተኛ ወጡ።

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር ነው እንዳንል ሌላው አገር እንዴት እንደሚዳኝ እንይ። በብሪታንያ የተውኔት ዳኞች ማኅበር ለአማተር ፌስቲቫሎች የሚጠቀምበት አሰጣጥ እንዲህ ነው፦ ትወና 40፣ ዝግጅት 35፣ የመድረክ አቀራረብ 15፣ ጥረትና ፈጠራ 10። መልእክት የሚባል ረድፍ የለውም። እንግሊዞች መልእክት ስለሚጠሉ አይደለም፤ መልእክት ካለ በተዋናዩና በአዘጋጁ በኩል ካልመጣ በሌላ በር እንደማይገባ ስለሚያውቁ ነው። የመጨረሻዋ 10 ነጥብ ደግሞ ከሁሉ ትገርመኛለች። አንድ ቡድን ከባድ ነገር ደፍሮ ሞክሮ ቢወድቅ እንኳ ስለ ድፍረቱ የሚሰጠው ነው። እኛ ዘንድ የደፈረ ይቀጣል። ይሁንና ያንን ቅጽ እንዳለ ገልብጠን እናምጣው የሚል ሰው ቢመጣ እኔ አልስማማም። ለመብራትና ለዲኮር የሚሰጠው 15 ነጥብ ደህና አዳራሽ ላለው አገር ነው። የእኛ ልጆች በሁለት አምፖልና ከጎረቤት በተለመነ ሶፋ ነው የሚሠሩት፤ በዚያ ብንመዝናቸው የምንሸልመው አከራዩን ነው።

አየርላንድ ውስጥ አትሎን በምትባል ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1953 ጀምሮ የአማተር ድራማ ፌስቲቫል ይካሄዳል። ቡድኖቹ አስቀድመው በየአካባቢው ፌስቲቫሎች ተወዳድረው፣ ነጥብ ሰብስበው ነው እዚያ የሚደርሱት። የእኔን ልብ የወሰደው ግን ሌላ ነው። በየምሽቱ ተውኔቱ ሲያልቅ ዳኛው ወደ መድረክ ይወጣል፤ ተዋንያኑና ሕዝቡ እየሰሙ ምኑ እንደ ሠመረና ምኑ እንደ ጎደለ ይናገራል። ተመልካቹም ያንን ለመስማት ሳይነሳ ይቀመጣል። እስቲ የእኛን አስቡት፦ ዳኞቹ ወረቀቱን በፖስታ አሽገው ያስረክባሉ፣ በመዝጊያው ዕለት መድረክ መሪው «ሦስተኛ የወጣው… » ብሎ ትንፋሹን ይይዛል፣ ዋንጫ ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ በቃ። የተሸነፈው ለምን እንደ ተሸነፈ አያውቅም፤ ያሸነፈውም እንዲሁ። ደመወዝ ለማይከፈለው፣ ትኬት ለማይሸጠው ልጅ ዋጋው እኮ ስለ ሥራው የሚነገረው ቃል ነበር፤ እሱን ነው ፖስታ ውስጥ አሽገን የምንወስደው።

«ይኼ የፈረንጅ ባህል ነው፤ የእኛ ሰው በአደባባይ ሲነቀፍ ይቀየማል» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። የሚሉት ሰዎች ቅኔ ቤት የሚባል ነገር በዚህ አገር መኖሩን የረሱ ይመስለኛል። ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ይመጣና ጓደኞቹ በተሰበሰቡበት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ እዚያው ያርማል፤ ቤቱ ከጎደለ ጎደለ ይለዋል፣ ምሥጢሩ ካልገጠመ አልገጠመም ይለዋል። ጓደኞቹም ሰምተው ከእርሱ ስሕተት ይማራሉ። ለስንት ዘመን እንዲህ ተኖረ፤ ማን ተቀየመ? የተቀየመም ሌላ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጣል እንጂ «ነጥቤን አሳዩኝ» ብሎ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም።

ስለ ነጥብ ካነሳን አንድ የሒሳብ ነገር ልጨምር፤ የሥነ ጽሑፍ ሰው ስለሆንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ። ሦስት ዳኞች አሉ እንበል። ሁለቱ የመጀመሪያው ቡድን ይበልጣል ብለው 82 ሰጡት፣ ለሁለተኛው 80። ሦስተኛው ዳኛ ግን ለመጀመሪያው 50፣ ለሁለተኛው 85 ሰጠ። ሲደመር የመጀመሪያው 214፣ ሁለተኛው 245። ሁለት ዳኞች ያስቀደሙት ቡድን ተሸነፈ፤ ውሳኔው የአንድ ሰው ሆነ። ያ ሰው ክፉ መሆን የለበትም፤ እጁ ሰፊ መሆኑ ብቻ ይበቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ነጥቡን ትቶ ደረጃውን መደመር። አንደኛ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ ያገኘው 4፤ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ ያገኘው 5፤ ትንሽ ድምር ያለው አሸነፈ። ይኼንን በየውድድሩ አንስቼ «በሚቀጥለው እናየዋለን» ተብያለሁ።

እስካሁን ያወራሁት አዳራሹ ውስጥ ስለሚደረገው ነው። ከባዱ ነገር ግን አዳራሹ ሳይከፈት ያልቃል፤ ዕጩነት ላይ። የጥንት አቴናውያን የቲያትር ዳኝነትን እንደ ሥልጣን ጉዳይ ይጠብቁት ነበር። የዳኞቹን ስም ከየነገዱ ሰብስበው በእንስራ ያሽጋሉ፤ በዕለቱ ከ10ሩ ነገዶች አንዳንድ ሰው በዕጣ ይወጣል። 10ሩም ፍርዳቸውን ጽፈው ያስገባሉ፤ ከ10ሩ ጽሑፍ ደግሞ 5ቱ ብቻ በዕጣ ወጥተው ይቆጠራሉ። ጉቦ የሰጠ ሰው የሰጠበት ድምፅ ይቆጠር አይቆጠር እንኳ አያውቅም። እንዲህ ተጠንቅቀውም የሶፎክልስ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ሁለተኛ ነው የወጣው፤ ያሸነፈው ፊሎክልስ የሚባል ሰው ነበር፤ ሥራው ለእኛ አልደረሰም። ዳኝነት እንዲህ ነው፤ ይስታል። ነገር ግን ሶፎክልስ ተወዳድሮ ነው የተሸነፈው። የሚብሰው ሳይወዳደሩ መሸነፍ ነው፤ እሱም ደርሶበታል። ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው አንድ ባለሥልጣን ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ኮረስ ካልሰጠህ ቲያትርህ የለም። ከእነርሱ አንዱ ለሶፎክልስ ኮረስ ከልክሎ ለተራ ገጣሚ መስጠቱን ክራቲኖስ የተባለው የኮሜዲ ጸሐፊ በመድረክ አላግጦበታል። አሥር ዳኛ በዕጣ የሚያወጣ ከተማ በሩን ለአንድ ሰው ትቶት ነበር ማለት ነው።

የእኛስ በር? ከየወረዳው አንድ ቡድን ይላካል። ጽሕፈት ቤቱ ነው የሚመርጠው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤውም ባለፈው በዓል ለጽሕፈት ቤቱ በነፃ ለሠራ ቡድን ይቀልለታል። አንድ ሰፈር ሦስት ጥሩ ቡድን ካለው ሁለቱ እቤታቸው ይቀራሉ፤ አጠገቡ ያለው ሰፈር ምንም ከሌለው አንድ ነገር ተለጣጥፎ ይላካል። ሠንጠረዡ ሞላ፤ ሪፖርቱ አማረ። በቅርቡ ደግሞ ቡድኖች ሥራቸውን በስልክ ቀርጸው በፍላሽ እንዲያስገቡ ተጀምሯል። ስልክ የሚቀርጸው ድምፅ የጮኸውን ነው፤ የተንሾካሾከው አይሰማም። ሦስተኛውን ስኒ ስልክ አያሳይም።

ሙያተኞቹ ዘንድ እንኳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ በሚዞርበት ኒው ዮርክ፣ የቶኒ ሽልማት መራጭ በአንድ ዘርፍ ድምፅ ሊሰጥ ከሆነ በዘርፉ የታጩትን ትርኢቶች በሙሉ ማየት አለበት። በእኛ ውድድር አንዱ ዳኛ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ከሁለተኛው ተውኔት በኋላ ሲወጣ፣ ያላያቸውን ደግሞ ከአጠገቡ ካለው ቅጽ አይቶ ሲሞላ በዐይኔ አይቻለሁ።

የማይቻል ነገር አልጠየቅሁም። ውድድር ያለበት ከተማ ሁሉ ለዋንጫ፣ ለቲሸርት፣ ለባነርና ለሻይ ቡና የሚወጣ በጀት አለው። የባነሩ ግማሽ ቢቀነስ ሦስት ዳኞችን ለአንድ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰፈር አዳራሾች ያመላልሳል፤ ተውኔቱን ተሠርቶ ባደገበት ቦታ፣ በራሱ ተመልካች መካከል ያዩታል፤ ለማየት የማንም ደብዳቤ አያስፈልግም፤ የትኛው ይታጭ የሚለውንም እዚያው ተነስተው፣ ልጆቹና እናቶቻቸው እየሰሙ፣ ከነምክንያቱ ይናገራሉ። የታክሲ ሒሳብ ነው።