ገበያ ያስተማረው ጂኦግራፊ

ተራራማ አገርን ለልጅ ለማስተዋወቅ ከገበያ የተሻለ ክፍል አላውቅም። ወረኢሉ ላይ ወላጁን ተከትሎ ገበያ የወጣ ልጅ፣ ስሙን ባያውቀውም፣ ጂኦግራፊ ተምሮ ይመለሳል። ገብስና ባቄላ የጫነችው አህያ ከደጋ ነው የመጣችው፤ ማሽላው ደግሞ ከታች፣ ከወንጭት ወንዝ በኩል ካለው ሞቃት ቆላ። ጸጉራም በግ የሚጎትተው ሰውዬ ባና ደርቧል፤ የሚኖርበትን ብርድ ትከሻው ይናገራል።

«አባዬ፣ እኛስ ማሽላ ለምን አንዘራም?»

«ውርጩ ይጨርሰዋላ፣ ልጄ!»

ከፍታና አየር ንብረት በዚህችው ምልልስ አለቁ። (እኔን አስተማሪዬ በጥቁር ሰሌዳ ስንት ክፍለ ጊዜ አድክሞኛል!)

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ሲሸምቱ፣ ጉልበት ስመው ትከሻ ገጥመው ሰላም ሲጠያየቁ ማየትም የዚያው ትምህርት ክፍል ነው። ውሃውንም መንገር አይከብድም፦ ወንጭት ጃማ ይገባል፣ ጃማ ዓባይ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ሱዳንና ግብፅ ናቸው። ታሪክ ከተጨመረበት ደግሞ፣ በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ የሸዋን ጦር ያስከተቱት እዚሁ ወረኢሉ ነበር።

ትምህርት ቤቶቻችን አካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት አላቸው፤ ስሙ ያማረ ነው፣ ልጆቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፉ ሥዕል አይወጡም። መምህራን ሆይ፣ በገበያ ቀን ደብተር አስይዛችሁ አውጧቸው፤ እያንዳንዱን ሻጭ «ከየት መጡ?» ብለው ይጠይቁ።